ደጀ ሰላም የቀረንባቸው እሑዶች

ለአብሮ አደጌ፦

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ የልቤን አትጠይቂኝ።

መጀመሪያ ውርደቴን ልንገርሽ። ቅዳሜ ከእንጦጦ ስመለስ፣ ጉርድ ሾላ ሳልደርስ ታክሲ ውስጥ ያ ሙቀት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴ ላይ ወጣ። የዮጋ አስተማሪያችን ናዝራዊት እንዳሳየችን ምላሴን እንደ ቦይ አጥፌ አየር መሳብ ጀመርኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት አማተቡና "ይቺን ልጅ ጸበል ውሰዷት" አሉ። ላንቺ ነግሬሽ አብረን እስክንስቅ ቸኩዬ ነበር።

ቤት ስገባ ጌድዮን ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጧል። "አርጠሻል አሉ" አለኝ። ባሌ ስለ እኔ "አሉ" ሲል አስቢው። ነጋሪዋ እህቱ ጸጋ ናት፤ ለጸጋ የነገርሻት ደግሞ አንቺ፣ ፀጉር ቤት ካስክ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ።

እዚያ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ወደሚሠራው ዮጋ እጄን ይዘሽ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ፣ ውለታሽን አልክድም። ሙቀቱ ባይለቀኝም እንቅልፌ ተመልሶልኛል፣ በትንሽ በትልቁ መነጫነጬንም ትቻለሁ። ግን ናዝራዊት "ምንጣፍ ላይ የተወራ ከምንጣፉ ጋር ይጠቀለላል" ስትል ከሁላችን በላይ ራስሽን የነቀነቅሽው አንቺ አልነበርሽም?

ጌድዮን በዕድሜ እንደሚያንሰኝ፣ ልጅ እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ። ጸጋም ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስላልናለች። የወር አበባ ያለባት ሴት ወደ ውስጥ አትገባምና፣ ነገሩ እንዳይታወቅብኝ በየወሩ አንድ እሑድ ጸጋ ስትገባ እኔ ደጀ ሰላም እቀር ነበር። ውሸቴን የማውቀው እኔ፣ እግዜርና አንቺ ነበርን። "ድፍረት ላግኝና በራሴ አፍ ልንገረው" ብዬ ለምኜሽ ነበር፤ "ከኔ አይወጣም" አልሽኝ።

እሱን ያስከፋው የልጅ ነገር አይደለም። "ልጁስ ይቅር፤ የሚስቴን ነገር ከፀጉር ቤት ነው የምሰማው?" ብሎ ልብሱን ይዞ መሪ ሰፈር፣ ጸጋ ቤት ሄደ።

ጸጋ ኋላ ደውላ ምስጢሩ ካንቺ እንዴት እንደወጣ ነገረችኝ። ካስኩ ሥር ላብሽ በአንገትሽ ሲወርድ አይታ "አንቺም ደረሰብሽ እንዴ?" ብላ ብትቀልድብሽ፣ "ወዲያ፣ እሱን የወንድምሽን ሚስት ጠይቂ በይ" ብለሽ ሳቅሽ አሉ።

ይኸው ስንት ቀኔ ይህችን ሳቅ ሳሰላስል። በዚያ የእንጦጦ ብርድ ሁላችን ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ ሹራብሽን የምታወልቂው ትዝ አለኝ። ምንጣፍሽን ሁልጊዜ ንፋሱ ከሚመጣበት ጫፍ ነው የምታነጥፊው። ደጀ ሰላምም "ብቻሽን አትቁሚ" እያልሽ ከኔ ጋር የቀረሽባቸው እሑዶች ትዝ አሉኝ። እኔ የዋህ፣ ፍቅር ነው ብዬ።

ለጸጋ ይህን ያንቺን ምስጢር አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም፤ አልነግርምም።

ለጌድዮን የፊታችን እሑድ ኪዳነ ምሕረት እንዲጠብቀኝ ልኬበታለሁ። ቢመጣም ባይመጣም ጸጋ እያየችኝ ወደ ውስጥ እገባለሁ። ስወጣ በሩ ላይ ማን ቆሞ እንዳገኘሁ እጽፍልሻለሁ፤ ክፉ ልማድ ሆኖብኝ ካንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

እመቤቴ ጤናሽን ትስጥሽ፣ ልጆችሽን ታሳድግልሽ። ሌሊቱንም ታብርድልሽ።

አብሮ አደግሽ