ለገዛ ልጁ እንኳ ያላደላ

ታኅሣሥ 9። የመቃብርህ ድንጋይ ላይ ስምህ ገና አልተቀረጸም።

አባዬ፣

ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ሐውልት ሠሪው ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ሽማግሌው ውስጥ ድንጋይ ይሞርዳሉ፤ ብናኙ ከአዳማ ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ይሻገራል። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ እንዲያልቅ ብላ እማዬ ጠዋት በባጃጅ ላከችኝ። የተላክሁበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ጽሑፉን አንብቦ መፈረም። አንድ ጊዜ የሟች ስም ተሳስቶ ቤተሰቡ ድንጋዩን መልሶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሟች ቤተሰብ ካልፈረመ ሽማግሌው መሮ አያነሱም።

ከተቀመጥኩ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። አልፈረምኩም።

የቤቱን ልንገርህ። እማዬ አልጋዋን ሳሎን አውጥታ መኝታ ቤታችሁን ዘግታዋለች። ውሃ አሁንም በሦስት ቀን አንዴ ነው። የጓሮው ፓፓያ በነፋስ ተገነደሰ። ካርታዎችህንና የማስተማሪያ ደብተሮችህን ተማሪዎችህ ለማስታወሻ ብለው ወሰዷቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም ውሰዱ እል ነበር።

አሁንም ይመጣሉ። የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ ከሻሸመኔ እህል የሚያመላልሰው ነጋዴ፤ ግማሹ ‹ቲቸር›፣ ግማሹ በኦሮምኛ ‹ባርሲሳ› እያለ ያነሳሃል። ለሁሉም አባት ነበርክ። ነርሷ ክረምቱን ሙሉ ቤቷ ድረስ እየሄድክ በነጻ እንዳስጠናሃት እያለቀሰች ነገረችኝ። እኛ ያን ክረምት የት እንደምትውል አናውቅም ነበር። ስትመለስ ደክሞህ ነበር የምትመለሰው፤ በልተህ ትተኛለህ።

የሕይወት ታሪክህን ቀብርህ ላይ ያነበበው ዶክተር ቶሎሳ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል አብሮኝ የተማረው ቶሎሳ። ‹‹የገዛ ልጃቸውን ሁለተኛ አድርገው እኔን የድሃ ገበሬ ልጅ አንደኛ ያወጡ፣ ለእውነት የቆሙ ሰው ነበሩ›› ሲል ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ማታውን ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሳዞር ደግሞ፣ ሐዘኑን ሊያቀልልን ብሎ ነው መሰለኝ፣ ‹‹ሰኒ፣ አስተማሪው አባትሽ ሆነውም አልቻልሽኝም እኮ›› አለኝ። ሰው ሳቀ። ‹‹ዛሬም ቂሟ አልወጣላትም›› ብሎ ለሰዉ ጨመረ። የባሰ ሳቁ። እማዬም ፈገግ አለች።

ቶሎሳ ክፉ ሰው አይደለም። የሚያውቀውን ነው የተናገረው። የማያውቀውን የምናውቀው አንተና እኔ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

የክፍላችን ኃላፊ አንተ ነበርክ፤ ጂኦግራፊም የምታስተምረን አንተ። ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሮስተሩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋህ። እኔ ከየመምህሩ የመጣውን ማርክ አነብልሃለሁ፣ አንተ በየስሙ ትይዩ ትሞላለህ። የመምህር ልጅ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀዋል። የራሴን ጂኦግራፊ ዘጠና አራት ብዬ አነበብኩ፤ ወረቀቱን ያረምከው አንተው ነህ። ድምሩ ላይ ቶሎሳን በሦስት ማርክ በልጬዋለሁ። አንተም አየኸው። እስክሪብቶህን ክዳኑን ገጠምክና ‹‹በቃ ተነሺ፤ ውሃ መጥቷል፣ እናትሽን አግዢ›› አልከኝ።

ሰኔ ሠላሳ ሰንደቁ ሥር ተሰልፈን ስማችን ተጠራ። አንደኛ ቶሎሳ፣ ሁለተኛ ሰናይት። ካርዴ ላይ ጂኦግራፊ ሰማንያ ስምንት ይላል። ወላጆቹ ፊት ቆመህ ‹‹እኔ ለልጄም አላዳላም›› አልክ፤ ጭብጨባው ለቶሎሳ ከተጨበጨበው በለጠ። በዚያ ዓመት አንደኛ ለወጣ ልጅ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ተገኝቶ ነበር። ቶሎሳ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ስድስቱ ማርክ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩህ። ወደ እኔ ሳትዞር መለስክልኝ። ‹‹ሰው ምን ይላል? ልጁን አሳልፎ ላከ ይላል። አንቺ አባት አለሽ፤ እሱ ምን አለው?››

ለቶሎሳ አዝነህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቆይበትም ነበር። አንተ ግን መጀመሪያ ያልከው ሰው ምን ይላል ነው። ሦስት ማርክ ቀንሰህ እኩል ልታደርገንም ትችል ነበር። ስድስት ቀነስክ።

ደግሞ ከትምህርቱ ሁሉ የነካኸው ጂኦግራፊን ነው። አያቴን ለመጠየቅ አርሲ ነገሌ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ለእኔ ትለቅልኝ ነበር። ዝዋይን፣ አብያታን፣ ላንጋኖን ስናልፍ የቱ ጨዋማ ነው፣ ወንዙ ከየት ይገባል፣ አብያታ ለምን መውጫ የለውም እያልክ ትጠይቀኛለህ። ስመልስ ብርቱካን ልጠህ ትሰጠኛለህ፤ ስሳሳት ራስህ ትበላዋለህ። አንድም ጊዜ ያለ ማርኬ ሰጥተኸኝ አታውቅም። ያን ሰው ወድጄዋለሁ። ለዚህ ነው ሌላውን ይቅር ያላልኩት።

አሁን መልካሳ እርሻ ምርምር የቦሎቄ ዘር እሞክራለሁ። መቶ ፍሬ ዘርቼ ስንቱ እንደበቀለ እመዘግባለሁ። የበቀለውን እንጂ ኃላፊው የሚወደውን ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ከማን እንደተማርኩት እንጃ፤ ከአንተ ነው እንዳልል እጄን ይይዘኛል።

ስትታመም አገላብጥህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ሳምንት ጠበቅኩህ። ይቅርታ አልፈለግኩም። ‹‹አንደኛ ነበርሽ›› ብትለኝ ይበቃኝ ነበር፤ ሰው ሳይሰማ፣ እኔና አንተ ብቻ ሆነን። የመጨረሻው ጥያቄህ ‹‹ቶሎሳ መጣ?›› ሆነ። መጥቷል አልኩህ። ገና ሞጆም አልደረሰም ነበር።

የዛሬውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስምህ ልክ ነው፣ የተወለድክበትና ያረፍክበት ልክ ነው። ከሥሩ በትልቁ ‹‹ለገዛ ልጁ እንኳ ያላደላ መምህር›› ይላል። ይህቺ መስመር ትውጣ አልኳቸው።

‹‹እታለም፣ እሷማ ዋናዋ ናት›› አሉኝ ሽማግሌው። ‹‹ዶክተር ቶሎሳ ከሁሉም እሷን ጎላ ያድርጓት ብለውኛል። የኔ አባት ቢሆኑ እኔ ግንባሬ ላይ ነበር የማስቀርጻት።››

‹‹ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ›› አልኳቸው።

መሯቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ‹‹እንግዲያው ምን አስከፋሽ? ፈርሚና ሂጂ። እናትሽ እንደሆኑ ተስማምተዋል።›› ሳልፈርም ስቀር ‹‹ለዶክተሩ ልደውል›› ብለው ገቡ፤ ስልኩ አልተነሳላቸውም መሰለኝ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

ብፈርም እማዬ ደስ ይላታል። በየዓመቱ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ ልጄም ጮክ ብላ ታነበዋለች፣ እኔም ከጎኗ ቆሜ እሰማለሁ። ባልፈርም ከሙት ጋር የምትቀና ይሉኛል። ድንኳን ውስጥ የሳቁት ሁሉ ይሉኛል። ይበሉ። ‹ሰው ምን ይላል› ለሚለው እኔ እንደ አንተ ዋጋ አልከፍልም።

እንዳልረሳህ አትጠራጠር። ተማሪዎችህ የያዙት ግማሽህን ነው፤ ቀላሉን። እኔ ሙሉውን እይዛለሁ፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ሽማግሌው ስልካቸውን ዘርግተው እየመጡ ነው። ‹‹ዶክተሩ መስመር ላይ ናቸው፣ አነጋግሪያቸው›› ይላሉ። የስድስቱን ማርክ ነገር ቶሎሳም ይሰማል፤ መጀመሪያ ግን እማዬ መስማት አለባት፣ እሷም ፊት ለፊት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን የጻፍኩት እንድፈርምበት በተሰጠኝ ወረቀት ጀርባ ላይ ስለሆነ ወረቀቱን አልመልስላቸውም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ስልኩን ሳልቀበል እነሳለሁ።