በከንፈር የተያዘች የስንዴ ፍሬ

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃውን ሲወጣ አሁንም ያጉረመርማል? ዓይንሽስ ያለ መነጽር ክር በመርፌ ያስገባል? ትንፋሽሽስ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን ለወግ ያህል አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለሽ ታገኝዋለሽ። እኔ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። በፖስታው ውስጥ በስስ ወረቀት የተጠቀለለች አንዲት የስንዴ ፍሬ አለች። እንዳትጥያት፤ በከንፈርሽ ያዥያትና ንባብሽን ቀጥዪ።

አባባ በወፍጮ ቤቱ ያወጣውን ደንብ መቼም አትረሽውም። ድንጋዩ መዞር ሲጀምር ከአንጋፋው ሠራተኛ እስከ እኔ፣ «ብናኝ» እስከምትሉኝ ትንሽ ልጅ ድረስ ሁላችንም አንዳንድ የስንዴ ፍሬ በከንፈራችን እንይዝ ነበር። ጆንያው ሳያልቅ ፍሬው የወደቀበት ሰው ወለሉን ይጠርጋል። «አፍንጫ ወንፊት አለው፤ አፍ ወንፊት የለውም» ይል ነበር አባባ። በሳቅ የወደቀች ፍሬ ብቻ ምሕረት ነበራት። አንቺም ይህን ስለምታውቂ፣ ከንፈሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከጆንያው ጀርባ ጉንጭሽን እንደ ፊኛ እየነፋሽ ታስቂኝ ነበር። ስንት ጊዜ ከመጥረጊያ እንዳዳንሽኝ እግዜር ይቁጠረው።

እንግዲህ ያ ትንሽ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ የችሎት ሰብሳቢ ሆኖ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በአፉ ሲተነፍስ ኖረ። የተናጋሪ ሰው አፍ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም፤ በእኛ ሙያ ደግሞ ዝም ያለ የተሸነፈ ይመስላል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ጠዋት ስነሣ ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ አገኘው ጀመር። ቀትር ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ከሁሉ የከፋው፣ አንድ ገጽ ሳነብ ድምፄ መሐል ላይ ይከዳኛል። «እርጅና ነው፤ ዘንድሮስ በቃኝ» ብዬ ለራሴ ፈረድሁ፤ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ተከሳሹንም ሳልሰማ።

በእኛ ችሎት አንድ የቆየ ወግ አለ። ፍርድ የሚነበበው በሰብሳቢው ዳኛ ድምፅ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ድምፁ ከድቶት ወረቀቱን ለጎኑ ዳኛ ካሳለፈ፣ ወንበሩንም እንዳሳለፈ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በአዲስ ሰብሳቢ እንደ አዲስ ይሰማል። በእጄ ላይ የነበረው ደግሞ የዳቦ ጋጋሪዎቹ ጉዳይ ነበር። አሥራ አራት ጋጋሪዎች ከአባቶቻቸው ጀምሮ ከሠሩበት ሕንፃ ይውጡ አይውጡ የሚል ክርክር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። ፍርዱ ተጽፎ አልቋል፤ አርባ አራት ገጽ ነው። አንድ ገጽ ላይ የሚከዳ ድምፅ አርባ አራት ገጽ እንዴት ይዘልቃል? እነዚያን ሰዎች ለሌላ ዘጠኝ ዓመት እንዳልጥላቸው ሰጋሁ።

ነገሩን መጀመሪያ የደረሰበት የጥርስ ሐኪሜ ነው። ድዴን አይቶ «ክቡርነትዎ አፍዎን ከፍተው ነው የሚተኙት፤ ድድዎ በድርቀት ተቆጥቷል» አለኝ። እኔ አንኮራፍቼም አላውቅ አልሁት። ሳቀና «ያንኮራፋ ሰው ምስክር ሆኖ ያውቃል እንዴ?» አለኝ። አርባ ዓመት ምስክር ስመዝን ኖሬ ይህን ማጣቴ አሳፈረኝ።

አሁን የምጽፍልሽን ለሰው እንዳትነግሪ። እኔ ብልጡ፣ አፌን ማሸግ ነው ብዬ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቁስል ፕላስተር ከንፈሬ ላይ ለጥፌ ጋደም አልሁ። ሾፌሬ ዶሴ ሊያደርስ መጥቶ ቢጠራኝ መልስ የለም። ገብቶ ሲያየኝ «ወይኔ ጌታዬ! ማን አሰረዎት?» ብሎ ጮኸ። እኔም ደንግጬ ብድግ ብዬ በታሸገ አፍ ልመልስለት ስታገል ጭራሽ ሌባው ገና ከቤት አልወጣም የምለው መስሎት መጥረጊያ አንሥቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። በኋላ እየነዳ ሐኪም ዘንድ ሲወስደኝ «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል እኮ በፕላስተር አይደለም» እያለ መንገዱን ሁሉ ለብቻው ሲስቅ ሄደ።

የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሟ የአንቺን ሁለተኛ ልጅ የምታህል፣ ፊት የማትሰጥ ሴት ናት። የፕላስተሩን ነገር ስትሰማ ተቆጣች። መጀመሪያ አፍንጫው ክፍት መሆኑ ሳይመረመር አፍን ማሸግ አደጋ አለው አለችኝ። መርምራም የእኔ አፍንጫ በዶሴ አቧራ ብዛት አብጦ፣ አንደኛው ቀዳዳ ከነጭራሹ ሥራ እንደ ፈታ ነገረችኝ። «ክቡር ዳኛ፣ አየር እንግዳ ነው፤ በበሩ ሲገባ እግሩን ያጥባል፣ ይሞቃል፣ ይረጋጋል። እርስዎ በመስኮት ነው የሚያስገቡት» አለች። በአፍንጫ የገባ አየር ከአቧራው ይጣራል፣ እርጥበት ያገኛል፣ ሙቀቱም ይስተካከላል አለችኝ። ከአፍንጫ ጓዳ የሚመነጭ አንድ ረቂቅ ጋዝም አብሮት ወርዶ በሳንባ ያሉትን የደም ሥሮች ያላላል፤ ትንፋሹም ስለሚረጋ ደረት አይጣደፍም። «ሁሉን በሽታ ይፈውሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም» ብላ ጨመረች። ይህች ቃሏ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ እንዳምናት አደረገችኝ። መድኃኒትና የጨው ውኃ ማጠቢያ ሰጥታ፣ በጎን ይተኙ፣ ሲሄዱም ሲቀመጡም አፍዎን ይግጠሙ ብላ አሰናበተችኝ። እኔ ግን የምሰማው የአባባን ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ሾፌሬን ከእህል ነጋዴ ዘንድ አንድ የስንዴ ፍሬ እንዲያመጣ ላክሁት። ነጋዴው «አንድ ፍሬ? ጌታህ ዶሮ ገዙ እንዴ?» ብሎ አንድ እፍኝ በነጻ ሰጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ችሎት ስቀመጥ አንዷን በከንፈሬ እይዛለሁ። የባለ ሕንፃው ጠበቃ ነጎድጓድ የሚል ቅጽል ስም አለው፤ በጩኸቱ መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ እኔም ከአፉ እየነጠቅሁ ማቋረጥ ልማዴ ነበር። አንድ ቀን በሌላ ጉዳይ ፊቴ ቆሞ ሲከራከር ፍሬዋ እንዳትወድቅ ስል አላቋረጥሁትም። ብቻውን ሲጮኽ ድምፁ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና ተቀመጠ። በኮሪደሩ አግኝቶኝ «ዛሬስ ዝም ሲሉኝ ራሴን ሰማሁት፤ ደግሞም አላማረኝም» አለኝ።

እታለም፣ ከወር በኋላ ምን እንደ ሆነ ልንገርሽ። ሽታ ተመለሰልኝ። የጥንት ወረቀት፣ ዝናብ የነካው አፈር፣ በጸሐፊዬ እጅ ላይ ያለው ሳሙና፣ ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሰው መጣ። ሕልሜም ተለወጠ። ወፍጮ ቤታችን ውኃ ላይ እንደ ተንሳፈፈ ደመና ሆኖ ይታየኛል። ከጣሪያው ቀዳዳ በገባው የፀሐይ ጨረር መሐል ብናኙ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በዱቄት የነጡ ሠራተኞች ያለ ድምፅ ያልፋሉ፤ አባባም በከንፈሩ ፍሬ ይዞ፣ በዓይኑ ብቻ ፈገግ ብሎ ያየኛል።

የፍርዱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ጋጋሪዎቹ ከሥራ በቀጥታ ስለ መጡ እጅጌያቸው ነጭ ነው። ማንበብ ጀመርሁ፤ በየአራት ነጥቡ አፌን እየገጠምሁ በአፍንጫዬ እስባለሁ። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ ድምፄ ሰለለ። አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል ጠፋ። በግራዬ ያለው ዳኛ በትሕትና እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ፤ የፊት ረድፍ ላይ ያለው ሽማግሌ ጋጋሪም የዳኛውን እጅ አይቶ ዓይኑን ጨፈነ። አፌን ገጠምሁ። ቀስ ብዬ ሳብሁ፤ አየሩ ከእነዚያ ነጫጭ እጅጌዎች የዱቄት ሽታ ይዞልኝ መጣ። እልሻለሁ፣ ለዚያች ትንፋሽ ያህል ችሎት አልነበረም፤ ድንጋዩ ሲዞር ሰማሁ፤ ከጆንያው ጀርባም ጉንጭሽን ስትነፊ አየሁሽ። ጉሮሮዬ ላላ። የተዘረጋውን እጅ በፈገግታ መለስሁና የቀሩትን ገጾች ዘልቄ ጋጋሪዎቹ በሕንፃው እንዲቆዩ የሚለውን የመጨረሻ መስመር በራሴ ድምፅ አነበብሁ።

ወንበሩን ዘንድሮ እለቃለሁ፤ ግን ተነጥቄ ሳይሆን በእግሬ ቆሜ። አንቺ ግን ባለፈው ደብዳቤሽ የጠዋት ሳል አለብኝ ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሻል። አባባ ፍሬዋን ሰጠን እንጂ ሐኪም አትዩ አላለንም። እባክሽ ተመርመሪ።

ለባለቤትሽ ለጋሼ ጉንጫቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ወፍጮውን ለተረከበው ለትልቁ ልጅሽ ፍሬዋ ብቻዋን እንደማትበቃ ንገሪው፤ ለሠራተኞቹ ጥሩ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ይግዛላቸው። አስተማሪዋ ልጅሽ ተማሪዎቿን ዝም በሉ ስትል እሷም ዝም ትበል። ዱሮ ሱሪዬን ላሳጠረብኝ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው አሁንም ቂም እንዳለኝ ንገሪልኝ፤ ሰላምታዬንም አድርሺለት።

ፍሬዋ እስካሁን በከንፈርሽ ካለች ከእኔ በለጥሽ። የሾፌሬ ታሪክ ላይ ወድቃ ከሆነም አይዞሽ፣ ወለሉን የሚያስጠርግሽ የለም።

ታናሽ ወንድምሽ ብናኝ

ከችሎቱ ጓሮ ካለችው ክፍሌ፣ መስኮቱ እንደ ተከፈተ
ግንቦት 14 ቀን