አሜን ያልንበት ሕንፃ

ሰኞ

አሜን ብዬ የውሃ ጉድጓዴን አስረከብሁ። ሌላ ምን ልበለው።

ቅዳሜ ከግቢዬ በላይ ሊሠራ ስለታሰበው ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ቀበሌ ተሰብስበን ስንከራከር ዋልን። እሺ ያለ ሰው አልነበረም። ሲያበቃ፣ እንደ ወጉ፣ የሰፈራችንን ታላቅ የቅኔ መምህር የኔታን መርቁን አልናቸው። «የታሰበውን ይፈጽምላችሁ» አሉ። አሜን አልን።

ዛሬ ጎረቤቴ ጥሩዬ ከቀበሌ መጣች። «ቃለ ጉባኤው ነዋሪው በሙሉ ተስማምቷል ይላል» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ገባኝ፣ አሜናችንን ስምምነት ብለው ጽፈውታል።

ማክሰኞ

ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። መሐንዲሱ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። «እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ፕላኑን ዘረጋልኝ። ለመኪና ማቆሚያ ከመሬት በታች ይቆፈራል፣ ውሃ ከወጣ በፓምፕ ይሳባል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ደግሞ ከኛ በላይ።

«የኔስ ውሃ?» አልሁት።

«ሊደርቅ ይችላል» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

የጌሾና የአቮካዶ ችግኝ የማፈላው በዚያ ውሃ ነው። ከጅጋ ድረስ መጥተው ይገዛሉ። ቧንቧ ሲጠፋም ሰፈሩ የሚቀዳው ከኔ ነው። ሌላ ቦታ የለም ወይ ስለው የድሮውን ከብት ተራ ነገረኝ። ረግረግ ነው፣ መሠረቱ ይከብዳል አለ።

ረቡዕ

ከብት ተራውን አየሁት። እውነቱን ነው፣ ጫማዬ ሰጥሞ ቀረ። ከዚያ የሚወርደውን ውሃ ደግሞ የታች ገበሬዎች ከብት ይጠጣዋል። እዚያ ውሰዱት ብል መከራዬን ለነሱ ማሸከም ነው።

ልጄ ከቡሬ ኮሌጅ ተመርቃ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ሕንፃው እኮ ሱቅም ቢሮም ይኖረዋል» ትለኛለች። እሷም እውነቷን ነው። እህል አልወርድ አለኝ። ጥሩዬ «ረቡዕ አይደል፣ ለጾም ቁጠሪው» አለችኝ፣ ጨካኝ።

ሐሙስ

መሐንዲሱ ጋ ተመለስሁ። ቁፋሮው ቢቀርስ አልሁት። መኪናው ሜዳ ላይ ከቆመና ፎቁ ከቀነሰ ይቻላል፣ ግን የሕንፃው ባለቤት አይወደውም አለ። «በዚያ ላይ ተስማምታችኋል እኮ።»

ከዚያው የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ትልቅን ሰው ምርቃትዎ ጎዳን ማለት እንዴት ይከብዳል። እንደ ምንም ብዬ «ምርቃት ይመለሳል ወይ?» አልኋቸው።

«አይመለስም። ግን ልጄ፣ እኔ የመረቅሁት እናንተን ነው። ሲሚንቶ አልመረቅሁም። ሰዉን እሑድ ሰብስቢልኝ።»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን፣ መሐንዲሱም መጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር «ያለቀ ነገር ነው» አለ። የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «እጅ ሳይወጣ የተባለ አሜን ለጤናችሁ ነው። አሁን እጅ ይውጣ።»

ወጣ። ፎቁ ይቀንስ፣ ቁፋሮው ይቅር፣ ፍሳሹ ከጉድጓዳችን ይራቅ። የልጄም እጅ ወጣ፣ አየሁት። ሊቀ መንበሩ «ለባለቤቱ እናቀርባለን» አለ እንጂ ቃል አልገባም።

ልንነሣ ስንል መሐንዲሱ «የኔታ፣ አይመርቁንም?» አላቸው።

«መልሱ ሲመጣ» አሉ።

በዕድሜዬ ሳልመረቅ ከስብሰባ ወጥቼ አላውቅም። ሁላችንም ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደ ኋላ እያየን ሄድን። ቤት ስገባ ባልዲውን ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቅሁት። ውሃው ዛሬም ቅርብ ነው። ጌሾውን አጠጣሁ። የነገን እንጃ።