ዱላ ተሻጋሪዋ

ጥር 12፣ ረቡዕ። ከዱብሉቅ መልስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ቀኝ እግሬ የሽማግሌውን የአባ ጃርሶን ዱላ ተሻገረ። የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ደህና ነበር።

ልንገርሽ፣ ደብተሬ። ግራሩ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እኔ ቆሜ አወራለሁ፣ ስለ ጉድጓዱ ጠረጋና ስለ ውሃ ተራ። ሐዋሳ ያሠለጠነን ሰው አንድ ቦታ አትተከሉ፣ ወደ አድማጭ ተራመዱ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ እጃችሁም ይናገር ብሎናል። ተራመድኩ። ለቤት የሚቀዱ ሴቶች ከከብቱ ቀድመው ይቅዱ እያልኩ ነው። ዓይኔ ፊታቸው ላይ፣ እጄ አየር ላይ። እግሬን ማን ያየዋል?

የሰው ዱላ መሻገር ነውር መሆኑን የነገሌ ሕፃን ያውቃል። እኔ ደግሞ ነገሌ ተወልጄ ነገሌ ያደግኩ ነኝ። ሁሉም ዱላውን አየ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዓረፍተ ነገሬን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። የቡድን መሪያችን አቶ ታደለ ተነሥቶ በእኔ ስም ይቅርታ ጠየቀ። አልላክሁትም።

ያቤሎ የገባነው ሲመሽ ነው።

ጥር 14፣ ዓርብ። ያቤሎ፣ የውሃ ቢሮ

ደብዳቤ። «የሀገር ሽማግሌዎች ባቀረቡት ቅሬታ መሠረት» ሕዝብ ፊት መናገር ተከልክያለሁ። ንግግር እጽፋለሁ፣ ሌላ ያነበዋል። ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ የሙከራ ጊዜዬ ያልፋል። ካልፈረምኩ ስንብት። እስከ ጥር 28።

እኔ እኮ የተቀጠርኩት ለመናገር ነው።

አቶ ታደለ ፈገግ ብሎ፣ እግሯ የት እንዳለ የማታውቅ ምላሷ የት እንዳለ በምን ታውቃለች አለ። ቢሮው ሳቀ። ከምሳ በኋላ ስሜ «ዱላ ተሻጋሪዋ» ሆኗል። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው።

ጥር 16፣ እሁድ

እናቴ ከነገሌ ደወለች። ደብዳቤውን አነበብኩላት። እንዲህ አለች፦ «ፈርሚና እደሪ፣ ልጄ። ወረቀት ነው እንጂ አንገት አይደለም። አባትሽስ ስንቱን ፈርሞ አይደል ያሳደገሽ?»

አባቴ አርባ ዓመት አስተማረ። ሲፈርም አይቼው አላውቅም።

ክፍሌ ይሞቃል። ቆርቆሮው ይንጫጫል። መስኮቱ ከተመረገ ቆይቷል። ከበሩ እስከ አልጋው አራት እርምጃ። ስናገር የምመላለሰውም እንዲሁ ነው፣ ዛሬ ገና አየሁት።

ጥር 19፣ ረቡዕ

ጉድ ስሚ። ዓርብ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ የሚነበበውን ንግግር ጻፍኩ። አቶ ታደለ ሊያነበው ነው። አለማመድኩት ደግሞ! እጁን ኪሱ ይከታል፣ ጆሮውን ያካል፣ አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ ይቀራል። ወረቀቱን ያስቀምጡት አልኩት። እጅዎ ከቀበቶዎ በላይ ይሁን፣ መዳፍዎ ይከፈት። ጠይቀው ሲያበቁ ሦስት ትንፋሽ ይጠብቁ። የኋላውን ረድፍ ይዩ።

ፈጥኖ ያዘው። ተናደድኩ። ፈዛዛ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጥር 21፣ ዓርብ። ከአዳራሹ እንደወጣሁ

ተጨበጨበለት። መዳፉ ተከፈተ፣ ሦስት ትንፋሽ ጠበቀ፣ የኋላውን ረድፍ አየ። የኋላው ረድፍ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ይዤ።

የሴቶቹን ተራ ግን ዘለለው። አንድ ሙሉ ገጽ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ጊዜ አጠረ አለኝ። ጊዜ ነበር። እየጠበቅኩት ነበር፣ በልቤ እየቆጠርኩ።

መፈረሜ አይቀርም መሰለኝ። ደክሞኛል።

ጥር 22፣ ቅዳሜ። ከገበያ መልስ

አባ ጃርሶን አገኘኋቸው! ፍየል ሊሸጡ መጥተው ነው። ልሸሽ ነበር። «ኢንታላ!» ብለው ጠሩኝ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን፣ አካም? ናጋ። አንገቴን ደፍቼ ስለ ዱላው ይቅር በሉኝ አልኳቸው፣ ቅሬታችሁም ደርሶኛል አልኩ።

«የምን ቅሬታ?»

«በደብዳቤ የላካችሁት።»

«እኛ ወረቀት አንጽፍም። ቅር ቢለን እዚያው ፊትሽ እንናገር ነበር። ዱላውን መንገድ ላይ የጣልኩትስ እኔ አይደለሁም?» አለቃሽ ቅር ብሏችሁ እንደሆን ጠይቆን ነበር አሉ፤ ልጅ ናት ትማራለች፣ መልሰህ አምጣት ብለነዋል። ከዚያ ሳቁብኝ። «ግን አንቺም! ሰው ተቀምጦ ሲሰማሽ እንደ ሰጎን ወዲያ ወዲህ። አንገታችንን አመመን።»

ታዲያ እንዴት ልናገር አልኳቸው። ተቀመጪ አሉኝ። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። አንድ ነገር ተናገሪና አንድ ሰው እሺ እስኪል ዝም በይ። እሺ ካላለ አልሰማሽም፣ አትቀጥዪ።

ሊሄዱ ሲሉ ዞሩ፦ «ስለ ሴቶቹ ውሃ የጀመርሽውን አልጨረስሽም። ሚስቴ ምን ልትል ነበር እያለች ትነዘንዘኛለች።»

ደሜ ፈላ። በደስታ ይሁን በንዴት አላውቅም።

ጥር 24፣ ሰኞ

ጠየቅኩት። ቅሬታውን ያቀረበው ማን ነው፣ ስሙን ይንገሩኝ። አቶ ታደለ መስኮቱን አየ። እጁ ኪሱ ገባ። ነገሩ ፋይል ሆኗል፣ አሁን ወደ ኋላ አይኬድም፣ ለራስሽ ብለሽ ፈርሚ አለኝ። አባ ጃርሶን አግኝቻቸዋለሁ አልኩ። ጆሮውን አከከ።

ጮኼ ልናገር ነበር። አልጮህኩም። ዝም ብዬ ተቀምጬ ጠበቅኩት። እሱ ነው ተነሥቶ የወጣው።

ጥር 25፣ ማክሰኞ

ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ልምምድ። እጄ ጉልበቴ ላይ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ከባድ ነው፣ ጣቶቼ ብድግ ብድግ ይላሉ። ለካ መመላለሱም እጅ ማወናጨፉም ግማሹ ፍርሃት ነበር። እንዳያቋርጡኝ እሮጥ ነበር። የሐዋሳው ሰው ዋሽቶ አይደለም፣ ለሐዋሳ አዳራሽ ነው የነገረን።

ጥር 27፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

እናቴ ደግማ ደወለች። አልፈርምም አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ቤቱ ያንቺ ነው አለችኝ፣ ምንም ቢሆን። ከዚህ ሁሉ እሷ ላይ መጨከኑ ነው የባሰብኝ።

ነገ ደብዳቤውን ሳልፈርም እመልሳለሁ። ቅሬታ አቅራቢ የለም ብዬ ከሥሩ ጽፌበታለሁ፣ ቅጂውም እኔ ጋ አለ። ካሰናበቱኝ ቅዳሜ በራሴ ገንዘብ መኪና ተሳፍሬ ዱብሉቅ እወርዳለሁ። ካላሰናበቱኝም እወርዳለሁ። የሴቶቹን ነገር ተቀምጬ እጨርሰዋለሁ።

ማንም ባልከሰሰኝ ነገር ጥፋተኛ ነኝ ብዬ አልፈርምም። የጻፍኩትን ሌላ ሰው ግማሹን ጥሎ እንዲያነብልኝ፣ እኔም ከኋላ ገመድ ይዤ እንዳጨበጭብ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።