ሰባተኛው አያትህ ፊን

አርችዌይ፣ ለንደን፣ 1996 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለሚክ፣ በሕይወት ሳለህም ደብዳቤ መመለስ ለማይሆንልህ ባለቤቴ፤

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዛውሬዋለሁ። በፕላስተር የጠጋገንከው ሬዲዮ ግን እንዳለ ነው፤ ስንት ዓመት ጣለው እያልኩ የጨቀጨቅኩህ እኔ፣ አይሊን ልትጥለው ስትነሳ እጇን ያዝኩ።

ትልቁ ወሬ ሌላ ነው። ልጃችን አይሊን ልታገባ ነው። ልጁ ዳዊት ይባላል፤ የዌምብሊ ልጅ ነው፤ ብታየው ዝምታው ያናድድህ ነበር እንጂ መልካም ልጅ ነው። ችግሩ አባቱ አቶ መኮንን ናቸው። ሦስት ሽማግሌ አስከትለው መጡና የአባቷን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልን አሉ። አየርላንድና መንዝ የት ተገናኝተው ይዛመዳሉ ብላቸው፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው አሉኝ። ካልተቆጠረ ምርቃት የለም። አባቱ ካልመረቁ ደግሞ ዳዊት እንደማያገባ አይሊን እያለቀሰች ነገረችኝ።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። እኔን ለማግባት ስትመጣ፣ አጎቴ ጋሽ ወርቁ ስቶክዌል ቤታቸው አስቀምጠው ይኸንኑ ሲጠይቁህ ትዝ አለኝ። እኔ በእፍረት ጣሪያ ጣሪያ ሳይ፣ አንተ ብድግ ብለህ ጃኬትህን ቆለፍክና ጆን፣ ፓትሪክ፣ ቶማስ፣ ሂዩ፣ ኔድ፣ ባርኒ፣ ፊን ብለህ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍከው። ጋሽ ወርቁ፣ የእኛዎቹም እንዲህ አይቆጥሩ ብለው አቀፉህ። ያንን ቆጠራ በቃሌ ስለማውቀው ለሽማግሌዎቹ ደገምኩላቸው። አቶ መኮንን ግን ጠበቃ መሆን ነበረባቸው፤ ሰባተኛው የት ተቀበሩ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ አሉኝ። አጣርቼ ልምጣ አልኩ።

አይሊንን ይዤ በአውቶቡስና በመርከብ አገርህ ዶኔጎል ገባሁ። ፖስታ ቤት ያለችውን ሴትዮ የኦዶኔሎች ቤት የቱ ነው ብላት ሳቀችብኝ። እስከ ባሕሩ ድረስ ያለው ቤት ሁሉ ኦዶኔል ነው ለካ! የቤተሰብ ስም የሌላችሁ ሕዝቦች እያልክ ሃያ ሰባት ዓመት ስታሾፍብኝ ኖረህ፣ የኮራህበት ስም አንድ በር እንኳ አላስከፈተልኝም። ቢቸግረኝ ሙሉ ስምህን በእኛ ወግ ከአባትህና ከአያትህ ጋር ማይክል ጆን ፓትሪክ ብዬ ጠራሁ። ሴትዮዋ ወዲያው አወቀችህ። ሁሉም ኦዶኔል ስለሆነ እነሱም የሚጠራሩት እንደኛው በአባትና በአያት ነው። ይህን ሳትነግረኝ መሞትህ ያናድደኛል።

አክስትህ ቤት ወሰደችን። እትዬ ብሪጅ፣ እንዲህ ነው የምጠራቸው፣ ዘጠናን ተሻግረዋል። አበባዬን ታቅፌ የፊን መቃብር የት ነው ብላቸው፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኔድ አህያችሁ ነበር። ባርኒ የእርሻ ፈረሳችሁ። ፊን ውሻህ። ከሂዩ በላይ ያለውን እሳቸውም አያውቁም። ከድንች ማሳው ጀርባ ወስደው፣ ልጅ ሳለህ ለፊን ያቆምክለትን ድንጋይ አሳዩኝ።

ተናደድኩ ሚክ። ጋሽ ወርቁ ውሻህን ነፍስ ይማር ብለውልሃል እኮ! ከዚያ ግን፣ እኔን እንዳታጣ ብለህ በግቢህ የነበረውን እንስሳ ሁሉ አያት ማድረግህ ሲገባኝ አለቀስኩ። አበባውን እዚያው አኖርኩት።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። አይሊን ግን በሩ ጋ ቆማ፣ ያን ቀን እኔ እንዳየሁት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ስለዚህ ብድግ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩና፣ ፊን የተቀበሩት ከቤታቸው ጀርባ ነው፣ መቃብራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ሲሉኝ፣ ታማኝ፣ ከደጃፋቸው የማይጠፉ፣ ሌባ የማይወዱ አልኩ። አንዱም ውሸት አይደለም። አቶ መኮንን እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል ብለው ተነሥተው መረቁ።

ሚክዬ፣ ናፍቀኸኛል። ይህን ሁሉ ስናገር አጠገቤ ሆነህ እግሬን ብትረግጠኝ ምን ነበረበት? የልጅ ልጆች ሲመጡ ቆጠራውን የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ካንተ እጀምራለሁ፤ እነሱም ለልጆቻቸው ካንተ አልፈው ይቆጥራሉ። አንተን አልረሳም፤ ፊንንም አልዘልም።

ያንተው ጥሩነሽ