ማኅተሙ ያልተነካ ሞተርና በልጄ ላይ የተለጠፈ ጥፋት

ለሸማቾች መብት ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 14

አመልካች፦ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ የሟች ሚኒባስ ሾፌር እናት
ተጠሪ፦ መኪናውን አስመጥቶ የሸጠው ኩባንያ

ጉዳዩ፦ ኩባንያው የልጄን መኪና ሞተር ወደ ፋብሪካ ከመላኩ በፊት ሞተሩ በገለልተኛ ባለሙያ ተከፍቶ እንዲመረመርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። የምጽፈው በዝግታ ነው፤ እርስዎም በዝግታ እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ያቀረብኩትን አቤቱታ የቢሮዎ ሰዎች ቶሎ አንብበው ቶሎ መልሰውልኛል።

1. ልጄ ሚኒባሱን ከኩባንያው የገዛው አዲስ ሆኖ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ ነው። አነዳዱ ቀስ ያለ ስለነበር በመስመሩ ላይ “ኤሊው” ይሉታል። “ኤሊው መጣ፣ እንሳፈር፣ ለነገ ሥራ እንደርሳለን” እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቢቀልዱም ሽማግሌውና ነፍሰ ጡሯ የሚሳፈሩት እሱን ጠብቀው ነው። ኩባንያው ለቢሮዎ በጻፈው መልስ ላይ ልጄ “ሞተሩን በከፍተኛ ፍጥነት ያስጨንቅ ነበር” ይላል። ሊያጽናኑኝ ለመጡ ሾፌሮች ይህን ባነበብኩላቸው ጊዜ ሳቁ። አልተቀየምኳቸውም።

2. መኪናው ዓመት ሳይሞላው ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። ልጄ ወደ ኩባንያው ጋራዥ ሲወስደው አንድ ቀን እኔም አብሬው ነበርኩ። ሾፌሮቹ “ክራቫት” የሚሉት የጥገና ኃላፊ መኪናው አጠገብ እንኳ ሳይደርስ “አዲስ ሞተር ነው፣ ይለምዳል” አለው። ልጄ “ጌታዬ፣ ቁልቁለት ላይ ይብስበታል” ቢለው “አንተ ንዳ፣ መስማቱን ለእኛ ተወው” ብሎ መለሰለት። ልጄ አመስግኖት ወጣ። ባለጌን ሳይቀር የሚያመሰግን ልጅ ነበር ያሳደግሁት።

3. ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ በድንገት ድርቅ ብሎ ቆመ። ሞተር ሲቆም መሪው እንደሚከብድ፣ ፍሬኑም እንደሚደነድን አሁን አውቄያለሁ። ከኋላ የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ እንደነገረችኝ “እናቶቼ፣ ወንበሩን አጥብቃችሁ ያዙ” ብሏቸዋል። ከዚያም መኪናውን ከገደሉ አርቆ፣ በራሱ በኩል ከተራራው ግድግዳ ጋር አጋጨው። ተሳፋሪዎቹ ተርፈዋል። እሱ አልተረፈም። እዚህ ላይ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ጉዳዩ ስለ ሞተር ስለሆነ እተወዋለሁ።

4. ኩባንያው ሞተሩ የተበላሸው “ባለንብረቱ ዘይት በወቅቱ ባለመቀየሩ” ነው ብሏል። ክቡርነትዎ ይህንን እንዲያስተውሉልኝ እጠይቃለሁ። በራሳቸው ደንብ መሠረት ከእነሱ ጋራዥ በስተቀር ዘይቱን ማንም አይነካም። ቀይረው ሲጨርሱ በዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ሰማያዊ ማኅተም ያደርጉበታል፤ ማኅተሙ ከተቀደደ ዋስትናው ይሰረዛል። ልጄ በየቀጠሮው ወደ ጋራዡ መሄዱን እነሱም አልካዱም። አደጋው የደረሰ ዕለት ማኅተሙ እንዳልተነካ ትራፊክ ፖሊሱ ፎቶ አንስቶታል፣ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ልጄ እነሱ ባሸጉት ቡሎን በየት በኩል ገብቶ ነው ዘይት የሚቀይረው? ሰው ሲዋሽ እንኳ የገዛ ማኅተሙን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ያያል። እነዚህ ለውሸታቸውም አልተጨነቁለትም።

5. እኔ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቀሚስ ተተርትሮ ቢመለስ ምናልባት ጥፋቱ የለባሿ ይሆናል። ከእጄ የወጣው ሁሉ እየተተረተረ ሲመለስ ግን “አገሩ በሙሉ ወፍሯል” ብዬ አልከራከርም። ዳቦ የምታከፋፍል ሴት፣ የጡረታ ገንዘቡን በዚህ መኪና ላይ ያፈሰሰ መምህር፣ ሌሎችም ያንኑ ዓይነት መኪና ገዝተው ያንኑ ኳኳታ ሰምተው መንገድ ላይ ቀርተዋል። የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ ዘይት አልቀየራችሁም። አዲስ ሞተር የፈለገ “ጥፋቱ የራሴ ነው” ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያም የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ይከፍላል። መምህሩ ፈርሟል። “ምን ላድርግ እህቴ፣ እውነት ለልጆቼ ራት አይሆንም” አለኝ። አልፈርድበትም። ያስፈረሙትን ግን እንቃቸዋለሁ።

6. የቢሮዎ ባለሙያ “መርምሬያለሁ” ብለው የጻፉት ሞተሩን ሳያስከፍቱ ነው። የጋራዡ ዘበኛ እንዳየው፣ ከክራቫት ጋር ሻይ ጠጥተው፣ ከአደጋው በኋላ ተጎትቶ ጋራዡ ግቢ የቆመውን መኪና በክራቫት ቢሮ መስኮት ተመልክተው ሄደዋል። ቃላቸውም ከኩባንያው ደብዳቤ ጋር እስከ ነጠላ ሰረዙ አንድ ነው። ድፍረት አይሁንብኝና፣ ሥጋን ለጅብ አደራ ሰጥቶ “ማን በላው?” ብሎ ራሱን ጅቡን መጠየቅ ለዚህ ቢሮ አይመጥንም።

7. አሁን ደግሞ ሞተሩን “ለጥናት” ወደ ውጭ አገር ፋብሪካ ሊልኩት ነው። ለዚህም የእኔን ስምምነት ፈልገው ክራቫት ቤቴ ድረስ መጣ። “እናቴ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው፤ እዚህ ላይ ቢፈርሙልን የቀብሩን ወጪ እንሸፍናለን” አለኝ። እናቱ ብሆን ኖሮ ከሰው ፊት አልቀርብም ነበር። አልፈረምኩም። ሳልፈርም ይወስዱታል ብዬ ግን እሰጋለሁ፤ ሞተሩ ከሄደ ልጄ በወረቀት ላይ ጥፋተኛ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሞተሩ ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ዛሬውኑ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ፣ ከኩባንያውም ከቀድሞው መርማሪም ጋር ግንኙነት በሌለው ባለሙያ እኔና ሌሎቹ ባለንብረቶች ቆመን እያየን እንዲከፈት፣ የተገኘውም በጽሑፍ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የልጄ ከሆነ ይጻፍልኝ፤ ተቀብዬ ቤቴ እቀመጣለሁ። የሞተሩ ከሆነ በልጄ ላይ የተጻፈው ይሰረዝ፣ እነዚያም መኪናዎች ከመንገድ ይሰብሰቡ። ካሣ አልጠየቅሁም። የልጄን ዋጋ ክራቫት እንዲተምነው አልፈልግም።

ትናንት መዝገቤን ለመጠየቅ ወደ ቢሮዎ የመጣሁት በዚያው ዓይነት ሚኒባስ ነው፤ በእኛ መስመር ሌላ የለም። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ራዲዮኑን ዘጋ። ለምን ዘጋኸው ያለው ሰው አልነበረም። እስከ ታች ድረስ ሁላችንም ሞተሩን አዳመጥን።

ለክቡርነትዎ ከሰላምታ ጋር፤ ለኩባንያው የምልከው ሰላምታ የለኝም።

(ፊርማ)
የሟች እናት