መጀመሪያ አክስትሽ ቤት

ልጄ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ በእጅሽ የነካሽው ይለምልም። እኛ ደህና ነን፤ አሳማዎቻችንም ከእኛ በላይ ደህና ናቸው።

በቤተ ሙከራችሁ የከተባችኋቸው አሳማዎች የአሳማ ወረርሽኙ ቫይረስ ሲሰጣቸው አንዳቸውም እንዳልሞቱ የነገርሽን ዕለት፣ አባትሽ በደስታ የመኖ ባልዲውን ለቀቀው። አሁን ደግሞ ሰው «ክትባቱ መቼ ይደርስልናል?» ሲለው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ ልጄ በደንብ ትፈትሸው» ይላል። ያፈሰሰው እሱ፣ የለቀምኩት እኔ!

ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ግን በሽታው በረታቸውን ባዶ አስቀርቶባቸዋል። ስለዚህ እንዳልሽኝ በሩ ላይ የመድኃኒት ውሃ አስቀምጫለሁ። አክስትሽን «ጫማሽን ንከሪ» ብላት «ቤተ መንግሥት ልገባ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ነከረች ግን።

አንቺ ሥራ በዛብኝ ብለሽ ሳትበይ እንዳትውዪ፤ ፎቶሽ ላይ አንገትሽ ቀጥኖብኛል።

ጤና ይስጥሽ፤ የሥራሽን ፍሬ ያሳይሽ። በእረፍትሽ ደግሞ ነይልኝ። ከቫይረሱ ጋር የሚሠራ ሰው የመቆያ ቀኑ ሳይሞላ አሳማ ያለበት ግቢ አይገባም ብለሽኛል፤ እናትሽ ነኝ ብዬ ደንብ አላፈርስም። መጀመሪያ አሳማ በሌለበት አክስትሽ ቤት ታርፊያለሽ። እኔ በሯ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ካቀፍኩሽ በኋላ እኔም ቀኑ እስኪሞላ ከአንቺ ጋር እቆያለሁ እንጂ ወደ አሳማዎቹ አልመለስም። ደንብ ነዋ!